በዳዩ ፖሊስ ሲሆን ክሱ ወዴት ይሄዳል?

«ሰውየው እኮ ተቀይሯል።» አንድ ፖሊስ ሴት በደለ ተብሎ ሲወራ፣ ደሴም ይሁን ወልዲያ፣ የወሬው ማሳረጊያ ብዙ ጊዜ ይቺ ናት። ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፣ ከምርመራ ተነሥቶ ጥበቃ ላይ ተመደበ፣ ማዕረጉ ተቀነሰ ይባላል፤ ሰሚውም «እንግዲህ ተቀጥቷል» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ዝውውር ግን የሥራ ቦታ ለውጥ እንጂ የወንጀል ቅጣት ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም አንዳንዴ ሰውየውን ከተበዳይዋ ከማራቅ ይልቅ ከመዝገቡ ያርቀዋል።

ከዚህ በታች ያለው፣ አንዲት ሴት በፖሊስ ብትደበደብ፣ ብትደፈር ወይም ታስራ ሳለ ገላዋ ቢነካ ጉዳዩ በየት በኩል ሊሄድ እንደሚችል፣ የት ላይ እንደሚሰናከልና ለምን እንደሚሰናከል ነው። የአንቀጽ ቁጥሮቹን ያስገባሁት መሥሪያ ቤት ሲኬድ «በየትኛው ሕግ?» የሚል ጥያቄ ስለማይቀር ነው።

«ፖሊስ» ስንል የትኛውን ነው?

መንገድ ላይ መሣሪያ የያዘ ሁሉ በአፍ «ፖሊስ» ይባላል። ለተጠያቂነት ግን ልዩነቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ አለቃው ሌላ ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ ማደራጀትና መምራትን ለክልሎች ስለሰጠ፣ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልዲያና የከሚሴ መደበኛ ፖሊስ ከጣቢያ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ዞን ወይም ከተማ መምሪያ፣ በመጨረሻም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን የሚወጣ መሰላል አለው። የፌዴራል ፖሊስ አባል የሚጠየቀው በፌዴራል ተቋሙ በኩል ነው። የመከላከያ ሠራዊት አባል የራሱ ወታደራዊ የፍትሕ ሥርዓት አለው። የቀበሌ ሚሊሻ ደግሞ ፖሊስ አይደለም፤ ሴትን ይዞ ወደ ጣቢያ ሲያመጣ ግን በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ሥልጣን የያዘ ሰው ይጠየቃል።

ነገሩን ያወሳሰበው ሌላም አለ። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ሲፈርሱ አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተደርጓል። ትናንት በአንድ ልብስ የታወቀ ሰው ዛሬ የየትኛው ተቋም አባል እንደሆነ ለጎረቤቱም ግልጽ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ስሙን አለማወቅ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አይደለም። የትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት፣ አብሮት ማን ነበር፣ መኪና ከነበረ ሰሌዳው ምን ይል ነበር የሚለው ይበቃል። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረው ሰው በተረኞች ዝርዝር ላይ በስሙ ተጽፏል፤ ዝርዝሩን የማስቀረብ ሥራ የመርማሪው እንጂ የተበዳይዋ አይደለም።

ሕጉ ፖሊስን ከሌላው ሰው ለይቶ ያያል?

አዎ፣ ያውም አክብዶ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተበዳይዋ በአድራጊው ጥበቃ ወይም ቁጥጥር ሥር ያለች ከሆነች ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት፣ ወይም ሞት ከተከተለ ዕድሜ ልክ ይደርሳል።

መደፈር ባይኖርስ? ጥፊውን፣ ዛቻውን፣ «እመኚ» እያሉ ማንገላታቱን የሚመለከተው አንቀጽ 424 ነው። የተጠረጠረን፣ የተያዘን ወይም የታሰረን ሰው ሲይዝ፣ ሲያጅብ፣ ሲጠብቅ ወይም ሲመረምር በጭካኔ ወይም ለሰው ልጅ ክብር በማይስማማ መንገድ ያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ድርጊቱ የተፈጸመው በአለቃ ትእዛዝ ከሆነ ያዘዘው ባለሥልጣን እስከ 15 ዓመት ይጠየቃል። «አዝዘውኝ ነው» የሚለው መልስም ታዛዡን አያድነውም፤ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ እሱም አብሮ ይከሰሳል። በመሠረቱ ሴት እንድትደፈር ወይም እንድትገረፍ የሚያዝ ሕጋዊ ትእዛዝ ሊኖር አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት መጠቆም ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ነው፤ የወንጀል ሕጉ ግን «ማሰቃየት» የሚባል ራሱን የቻለ ወንጀል በዚያ ስምምነት ትርጉም ልክ አላስቀመጠም፤ ቀረብ የሚለው ይኸው አንቀጽ 424 ነው። ለምን ይህን አነሣለሁ? ባለሥልጣን በእስረኛ ሴት ላይ የሚፈጽመው አስገድዶ መድፈር ማሰቃየት እንደሆነ በዓለም አቀፍ ሕግ የተቀመጠ ነገር ስለሆነ ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በቱርክ የጸጥታ ኃይሎች ተይዛ በነበረች የ17 ዓመት ልጅ ጉዳይ ይህንኑ ወስኗል። የእኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 28 የማሰቃየት ድርጊት በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፍ ይናገራል። ይርጋ ማለት ክስ ሳይቀርብ ረጅም ጊዜ ካለፈ የመክሰስ መብት የሚቀርበት የጊዜ ገደብ ነው። ለመደበኛው አስገድዶ መድፈር እንኳ ገደቡ 20 ዓመት ስለሆነ «ጊዜው አልፏል» የሚለው ወሬ በአብዛኛው ከሕጉ ጋር አይገጥምም።

«ፈቅዳ ነው» ቢልስ?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ መዝገብ ስለሚያበላሽ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 አንዲት ድሃ ወጣት ማሃራሽትራ ውስጥ በሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ፖሊሶች እንደበደሏት ተናገረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱንም ነጻ አሰናበታቸው። ምክንያቱ? በገላዋ ላይ የትግል ምልክት የለም፣ መታገሏ አልታየም፣ ስለዚህ ተስማምታለች የሚል ነበር። በ1979 አራት የሕግ መምህራን ለፍርድ ቤቱ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሴቶች በየከተማው አደባባይ ወጡ፤ በ1983 ሕጉ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በፖሊስ እጅ ያለች ሴት ጋር ግንኙነት መፈጸሙ ከተረጋገጠና «አልፈቀድኩም» ካለች፣ የሕንድ ፍርድ ቤት አልፈቀደችም ብሎ ይነሣል፤ ሌላ ነገር ማስረዳት የተከሳሹ ፈንታ ነው።

በእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ግምት አልተጻፈም። አንቀጽ 620 በኃይል፣ በከባድ ማስፈራራት ወይም መከላከል እንዳትችል በማድረግ የተፈጸመ መሆኑን ዐቃቤ ሕግ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። በር የተቆለፈባትና ጩኸቷን የሚሰማው ራሱ በዳዩ ብቻ የሆነ ሴት ደግሞ ላትታገል ትችላለች። ቁስል የለም፣ የተቀደደ ልብስ የለም፤ መዝገቡ «ማስረጃ አነሰው» ተብሎ ይዘጋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከ620 ቀጥሎ ሌሎች አንቀጾች መኖራቸውን ነው። አንቀጽ 624 በእስር፣ በማረሚያ፣ በሆስፒታልና በመሳሰሉት ተቋማት ያለን ሰው በኃላፊነቱ ሥር ይዞ፣ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ግንኙነት ወይም ሌላ ለክብር ተቃራኒ ድርጊት የፈጸመን ይቀጣል። ይህ አንቀጽ ስለ ጡጫና ስለ ቢላ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በእጁ ሥር ነበረች ወይ? በሥልጣኑ ተጠቅሟል ወይ? አንቀጽ 625 ደግሞ ከእስር ውጭ ያለችውን ይነካል፤ ችግሯን ወይም በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ግንኙነት የፈጸመን ይመለከታል። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ልጅ ሰኒና ጀበናዋ ተወስዶባት «ማታ ነይና ዕቃሽን ውሰጂ» ብትባል፣ ወንድሟ የታሰረባት እህት «እንዲፈታ ከፈለግሽ» ብትባል፣ እነዚህ ጉዳዮች «ራሷ መጥታ ነው» በሚል ቃል ብቻ የሚዘጉ አይደሉም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በ625 የሚከሰሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ አቤቱታውም ወንጀሉና አድራጊው ከታወቁ በኋላ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ተበዳይም ሆነች ጠበቃዋ ዐቃቤ ሕጉን «በየትኛው አንቀጽ ነው የምትከሱት?» ብለው ቢጠይቁ ሥራ መፍታት አይባልም። በ620 ብቻ ተከስሶ ኃይል መጠቀሙ ባለመረጋገጡ ነጻ የሚወጣ ሰው፣ በ624 ቢከሰስ ኖሮ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ከሥራ ከተባረረ አይበቃም?

አንድ ድርጊት ሦስት መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል። የመጀመሪያው የወንጀል ነው፤ በዐቃቤ ሕግ ይከፈታል፣ በፍርድ ቤት ይታያል፣ መጨረሻው እስር ነው። ሁለተኛው የዲሲፕሊን ነው፤ በፖሊስ ተቋሙ ውስጥ ይታያል፣ መጨረሻው ከማስጠንቀቂያ እስከ ስንብት ነው። ሦስተኛው የካሳ ነው።

እነዚህ አይተካኩም። የወንጀል ክስ ከፍ ያለ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ለዲሲፕሊን ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ፍርድ ቤት በማስረጃ ማነስ ያሰናበተውን ሰው ተቋሙ «ዩኒፎርም መልበስ አይገባህም» ሊለው ይችላል፤ የተገላቢጦሽም እንዲሁ፣ ከሥራ ተሰናብቷልና ክሱ ይቅር አይባልም። ሠራተኛው ራሱ ሥራውን ቢለቅ የዲሲፕሊኑ ነገር ትርጉም ያጣል፤ የወንጀሉ ግን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ጣቢያ ሄዳ «ርምጃ ተወስዶበታል» የተባለች ሴት መጠየቅ ያለባት ርምጃው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

የፖሊስን ጥፋት ፖሊስ ሲመረምረው ምን ሊገኝ ነው?

እውነተኛው ማነቆ እዚህ አለ። ከብት ማሳ ገብቶ ጤፍ ሲበላ ጉዳቱን የሚገምቱት ገለልተኛ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የከብቱ ባለቤት ራሱ ገማች ሆኖ ቢቀመጥ ግን ማንም ግምቱን አይቀበልም። ፖሊስ ባልደረባውን ሲመረምር ችግሩ ይኸው ነው። የግድ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። አብረው ተረኛ ይሆናሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ደግሞ አንዱ የአንዱን ነፍስ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው ደብተሩን ሳይገልጥ «አንቺ ልጅ፣ እሱ እኮ ጓዳችን ነው፤ ሽማግሌ ላኪና ጨርሱት» ቢል ብዙም አይገርምም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ለንደንን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የከተማዋ ፖሊስ የሥራ መታወቂያውን አሳይቶ በሕግ ስም የያዘ አስመስሎ አንዲት ሴት ወሰደ፤ ደፍሮም ገደላት። ሰውየው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እጅግ ያስደነገጠው ግን በ2024 የወጣው የአጣሪ ሪፖርት ነው፤ ከዚያ በፊት በሴቶች ፊት ራሱን እንዳራቆተ ጥቆማዎች ደርሰው እንደ ነበርና በቅጡ ሳይጣሩ እንደ ታለፉ፣ ከመጀመሪያውም ፖሊስ መሆን እንዳልነበረበት ገለጸ።

በእኛ ዘንድ ማነቆውን ማለፊያ መንገድ አለ? አለ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምበት። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ወይም አቤቱታ ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለዐቃቤ ሕግም እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ዐቃቤ ሕግም ለፖሊስ ትእዛዝ የመስጠትና ምርመራውን የመከታተል ሥልጣን አለው። ስለዚህ በዳዩ የሚሠራበትን ጣቢያ ትቶ በቀጥታ ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ዞኑ ፍትሕ መምሪያ መሄድ ይቻላል። እዚያም ምርመራው በሌላ ጣቢያ ወይም በዞን መምሪያ ባለ መርማሪ እንዲያዝ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። «በጽሑፍ» የምትለውን ቃል እደግማታለሁ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ነገ «አልተጠየቅንም» ይባላል። የደብዳቤው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ይኑርበት። የሰጠችው ቃል ተነብቦላት የተናገረችው መሆኑን አረጋግጣ ትፈርም፤ ያልተነበበላት ወረቀት ላይ አትፈርም። የመዝገብ ቁጥሩንም ይዛ ትውጣ።

ዐቃቤ ሕጉ «ማስረጃ የለም» ብሎ ከዘጋውስ? ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቆ ለበላይ ዐቃቤ ሕግ ቅሬታ ማቅረብ ነው፤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልሉ ፍትሕ ቢሮ።

ከዚህ ጎን ለጎን ሁለት የፌዴራል ተቋማት አሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) የሰብአዊ መብት ጥሰትን ይመረምራል፣ ማቆያ ቦታዎችን ይጎበኛል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ደግሞ አስተዳደራዊ በደልን ያያል፤ ለምሳሌ አቤቱታ ተቀብሎ ወር ሙሉ መልስ ያልሰጠ መሥሪያ ቤት። ሁለቱም መፍረድና ማሰር አይችሉም፤ ያጣራሉ፣ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣሉ፣ ያሳስባሉ። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው «ኮሚሽኑ ምን አደረገልኝ?» ብሎ ያዝናል። ጥቅማቸው ግን ቀላል አይደለም፤ የተዳፈነ መዝገብ ከውጭ የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ሲታወቅ ይንቀሳቀሳል። ለጠበቃ መክፈል ላልቻለች የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ናቸው።

መጀመሪያ ፖሊስ ወይስ ሐኪም?

ሐኪም። ያለ ምንም ማመንታት።

ከመደፈር በኋላ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ እሱም ቢፈጥን ይሻላል። ከመቅደላ ወይም ከደላንታ ገጠር ተነሥቶ ደሴ ሪፈራል ለመድረስ ከሦስቱ ቀን አንዱ በመንገድ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ መሄድ ነው። ፅንስ ከተፈጠረም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ እርግዝናን ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ፣ የፖሊስ ወረቀት አምጪ የሚል ሁኔታ በሕጉ የለም።

ለክስ የሚያገለግለው የሕክምና ማስረጃ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ሆስፒታል «ከፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» ይላል። በዳዩ ፖሊስ ሲሆን ደብዳቤው የሚወጣው ከባልደረቦቹ ጠረጴዛ መሆኑ ነው። እዚህም ማለፊያው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ደብዳቤውን እሱ ሊጽፍ ወይም ሌላ ጣቢያ እንዲጽፍ ሊያደርግ ይችላል። ሕክምናው ግን ደብዳቤ አይጠብቅም። ሐኪሙ በካርዷ ላይ በዚያው ቀን ያየውን ቁስል፣ የነገረችውን ታሪክና ሰዓቱን ከጻፈ፣ ያ ካርድ በኋላ ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ ሊናገር ይችላል።

ገላን መታጠብ ይቆይ ማለት ለተበደለች ሴት ከባድ ነው፤ ማንም አይፈርድባትም። ልብሱን ግን ሳያጥቡ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ወይም በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ፌስታል ስለሚያልበው ማስረጃው ይበላሻል።

የሕክምና ወረቀት ላይ ስለ ክብረ ንጽሕና የተጻፈ ነገር አይቶ «ድንግል አልነበረችም» ብሎ የሚከራከር ተከላካይ እስካሁን አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል። የእኛ ሕግም ያገባች፣ የፈታች ወይም የወለደች ሴት አትደፈርም አይልም።

ታስራ ያለችስ ለማን ትናገር?

የታሰረች ሴት በእግሯ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ መሄድ አትችልም። ያላት በር ችሎት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ማንኛውም የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ያንን ችሎት ብዙ ሰው የዋስትና ጉዳይ ብቻ የሚታይበት ያደርገዋል። ዳኛው «የምትይው አለ?» ሲሏት የምትናገረው ሁሉ ግን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሐኪም እንዲያያት፣ ሌላ ማቆያ እንድትዛወር፣ ድርጊቱ እንዲጣራ መጠየቅ ትችላለች። ችግሩ ያጀባት ፖሊስ ክርኗ ሥር ቆሞ መሆኑ ነው፤ ምናልባትም ራሱ በዳዩ። አንቀጽ 20 የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ሲባል ጉዳይ በዝግ ችሎት እንዲታይ ስለሚፈቅድ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዝግ መናገር እፈልጋለሁ» ማለት ይቻላል፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ታደርጋለች።

ሌላው መስኮት ስንቅ ነው። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። በየቀኑ እንጀራ ይዛ የምትመላለስ እናት ወይም አክስት ከማንም በፊት ለውጡን ታያለች፤ ነጠላው ተቀይሯል፣ ልጅቷ ዓይን አታይም፣ ሳህኑ እንደ ተመለሰ ነው። ድንገት «ጎብኚ አይገባም» ከተባለ ያ ራሱ አቤቱታ የሚጻፍበት ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ሳትቀርብ ቀናት ካለፉ ደግሞ ዘመድ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት «አካል ነጻ ይውጣ» የሚል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ያሰራት አካል ይዟት ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል።

«አስቸኳይ ጊዜ ነው» የሚለው መልስ በክልሉ በሐምሌ 2015 አዋጁ ከታወጀ በኋላ ብዙ ጆሮ ለምዶታል። አዋጁ ለ6 ወር ታውጆ በ2016 ለ4 ወር ተራዝሞ አብቅቷል፤ ግጭቱ ባይበርድም። በአዋጅ ጊዜም ቢሆን ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የማይነኩ መብቶችን ሲዘረዝር አንቀጽ 18ን አስገብቷል፤ ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ የሚከለክለው አንቀጽ ማለት ነው። ሰውን የማሰር ሥልጣን ሊሰፋ ይችላል፤ የታሰረችውን የመንካት ሥልጣን ለማንም አልተሰጠም።

ሽማግሌ ገብቶ ከታረቁስ?

ወሎ የእርቅ አገር ነው። አበጋሮቹ፣ በራያ ቆቦ በኩል ዘወልዶቹ ደም ያደርቃሉ፤ ፍርድ ቤት ያልቻለውን ቂም ይፈታሉ። ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን አስገድዶ መድፈር በሕጉ የግል አቤቱታ የሚጠይቅ ወንጀል አይደለም፤ ክሱ የመንግሥት ነው። ተበዳይዋ «ይቅር ብያለሁ» ብላ ብትፈርም እንኳ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የመቀጠል ግዴታው አይቀርም። በተግባር መዝገቡ የሚሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ ምስክሮች ቀርበው «አላየንም» ይላሉ፣ እሷም ወይ ወደ ሸዋ ወይ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ በሚል የሚላክ ሽማግሌ ስሙን የሚያተርፍለት ለሌላው ወገን መሆኑን ሽማግሌዎቹም የሚያጡት አይመስለኝም።

ምስክር ከፈራ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 699/2003) አለ። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ማንነትን መሸሸግን፣ ቦታ መቀየርን፣ በዝግ ችሎት መመስከርን ይፈቅዳል። መድፈር በዚህ ውስጥ ይገባል። ጥያቄው ግን መቅረብ አለበት፤ ሳይጠየቅ የሚመጣ ጥበቃ የለም።

ባሏ ፖሊስ የሆነችስ?

እሷ የምትከስበት ጣቢያ የባሏ የሥራ ቦታ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ድብደባን እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት ይቀጣል፤ ባልየው ምንም ሥራ ይኑረው። አንቀጽ 620 ግን «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል ስላለው በትዳር ውስጥ የሚፈጸም መድፈር በዚህ ስም አይከሰስም። ለእሷ አስቸኳዩ ነገር መሣሪያው ነው፤ ቤት ይዞት የሚገባው የመንግሥት ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ። ለአለቃው በጽሑፍ ቀርቦ መሣሪያው በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲያዝ መጠየቅ ክሱ እስኪወሰን የማይጠበቅበት ርምጃ ነው።

ካሳውን የሚከፍለው ማነው?

የወንጀል ክሱ በሚታይበት ችሎት ላይ የካሳ ጥያቄ አብሮ ማቅረብ ይቻላል፤ ለብቻም በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይቻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2114 በመድፈር የተፈረደበት ሰው ለተበዳይዋ ተገቢ ካሳ እንዲከፍል ይፈቅዳል። የካሳ ክስ በመደበኛው የ2 ዓመት ገደብ አለው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆን ግን የወንጀሉ ረጅም ይርጋ ይሠራል።

መንግሥትስ ይከፍላል? ሕጉ እዚህ ላይ የሠራተኛን ጥፋት ለሁለት ይከፍላል። ሠራተኛው በቅን ልቦና ሥልጣኑን የሚሠራ መስሎት ያጠፋው «የሥራ ጥፋት» ነው፤ ለዚህ መንግሥትም ይጠየቃል። ሌላው «የግል ጥፋት» ነው፤ የሚከፍለው ራሱ ብቻ ነው። ሴት የደፈረ ፖሊስ በቅን ልቦና ነው የሠራው የሚል ስለማይኖር ጉዳዩ በሁለተኛው ይወድቃል። ውጤቱ እንግዳ ነው፤ ጥፋቱ በከፋ ቁጥር መንግሥት ከካሳው እየራቀ ይሄዳል፤ ቁልፉን፣ ጠመንጃውንና ያንን ክፍል የሰጠው መንግሥት ቢሆንም። ካሳው ከሰውየው ንብረትና ደመወዝ ይጠበቃል፤ በዲሲፕሊን ተሰናብቶ ከሆነ ደግሞ ደመወዝ የለውም።